የማላውቀውን ያስተማርኩ ዕለት

መብረቅ በሚፈራ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት። አባቴ አዋሽ ሰባት የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ቤታችንም ከጣቢያው ጀርባ፣ የሠራተኞች መንደር ውስጥ ነበር። ክረምት ላይ በፈንታሌ ተራራ አናት ደመና ሲከመር አባቴ መዶሻውን አስቀምጦ ከሐዲዱ ይርቃል። "ብረቱ ከሩቅ ይዞት ይመጣል" ይል ነበር፤ አለቃው በዚህ ደጋግሞ ቢቆጣውም አንድ ቀን ትቶት አያውቅም። እናቴ ደግሞ የራሷ ሕግ ነበራት። መስታወቱን በነጠላ ትሸፍናለች፣ ቀይ ሹራቤን ታስወልቀኛለች፣ በር ላይ ቆሜ ዝናብ እንዳላይ ትከለክለኛለች። ከሁለቱ የማንኛቸው እውነት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ሁላችንም እንረሳዋለን፤ አዋሽ ላይ ዝናብ ብዙ አይቆይም።

ጤና ረዳትነት ተምሬ ስጨርስ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደርግ ሥልጣን ላይ ከወጣ አሥር ዓመት አልፎታል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ያፈናቀለው ሰው ወደ ቆላው ወርዶ ጥጥ የሚኮተኩትበትና የሚለቅምበት ጊዜ ነው። እኔም የተመደብኩት ከአዋሽ ወደ ገዋኔ በሚወስደው መንገድ፣ ከወንዙ ዳር ባለ አንድ የመንግሥት ጥጥ እርሻ ነበር። ክሊኒኩ ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው እተኛለሁ፣ በሌላው አክማለሁ። የሚመጣው በሽተኛ አብዛኛው ወባ ነው። ሐኪም ሳልሆን ሰዉ ሁሉ "ሐኪሟ" ይለኝ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ አርም ነበር፣ በኋላ ስሙን ወደድኩት መሰለኝ፣ ማረሙን ተውኩ።

እዚያ ካምፕ መጀመሪያ የተላመድኩት ሰው ውሃ አጠጪው ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር የወሎ ሰው ነበር። ሥራው የቦዩን በሮች በመዘውር እየከፈተና እየዘጋ ውሃውን ወደ ጥጡ ማድረስ ነው። ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ስለሚውል፣ ትኩሳት ጥሎት ቦይ ዳር የተኛ ሠራተኛ ሲያገኝ እንዳለ ተሸክሞት ይመጣል። በር ላይ አስቀምጦት፣ "ሐኪሟ፣ እንግዳ አምጥቼልሻለሁ" ይለኛል። በሽተኛው ዓይኑን ሳይገልጥ አይሄድም። እኔ "ጋሼ" እለው ነበር።

ሚስቱ በካምፑ መግቢያ ላይ ከእንጨትና ከጆንያ የተሠራች ሻይ ቤት ነበራት። ምሳዬን እዚያ ነበር የምበላው። እትዬ የምላት እሷ ቁጡ ናት፣ ግን ቁጣዋ ሰው የሚያጠግብ ዓይነት ነው፤ ሳህኑ ባዶ ሳይሆን ማንንም አታስነሳም። ወንድሟም አብሯቸው ይኖር ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው፣ በኩትኳቶ ሥራ የሚውል ወጣት። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ነች። ድርቁ ሲያባርራቸው አገር ለቀው ሲመጡ፣ የታመመውን ወንድሟን ባሏ በጀርባው አዝሎ ብዙ መንገድ እንደተጓዘ ደጋግማ ታወራ ነበር። "እኔ ወለድኩት ማለት ነው፣ እሱ አዘለው" ትላለች፤ ሦስቱም ይስቃሉ።

ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በጥጥ መጋዘኑ ጥግ የመሠረተ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ፊደል የሚያስተምሩ ሌሎች ነበሩ፤ እኔ በሳምንት አንድ ቀን ስለ ጤና እናገራለሁ። ስለ ውሃ ማፍላት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ትንኝ። በሐምሌ መጨረሻ ላይ ከካምፑ ማዶ መብረቅ ወርዶ የአንድ አፋር ሽማግሌ ሁለት ግመሎችን ከግራር ሥር ገደለ። ሠራተኛው ፈራ። ከዚያ ቀን በኋላ ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ዶማውን ጥሎ የሚቀመጥ በዛ። የእርሻው ካድሬ ወደ ክሊኒኩ መጥቶ፣ "ሰዉ የአላህ ቁጣ ነው፣ የእግዜር ቁጣ ነው እያለ ሥራ እየፈታ ነው፤ በሳይንስ አስረጂያቸው" አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከዚያ በፊት አስተማሪ ነበር፤ ጥያቄ ሲጠይቅ ልክ ተማሪ እንደሚፈትን ዓይኑን አጥብቦ ነው።

የነበረኝ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ናት። ስለ መብረቅ አንድ ገጽ ነበራት፤ ሦስቴ አነበብኩት። ዕለቱ ደርሶ ቆሜ ስናገር ደስ እያለኝ ነበር። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ አልኩ። ውሃ ውስጥ ካላችሁ ውጡ። ዶማና አካፋ ትከሻችሁ ላይ አትሸከሙ፣ ጣሉት። በሜዳ ላይ ረጅሙ ነገር እናንተ አትሁኑ። ነጎድጓድ እንደሰማችሁ፣ ዝናቡ እስኪደርስ ሳትጠብቁ፣ ወደ መጋዘኑ ግቡና በሩን ዝጉ። ድምፁ ካቆመ በኋላም ቶሎ አትውጡ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም ቢሆን አንዱን አልለውጥም።

ሰዉ ሊበተን ሲል ውሃ አጠጪው እጁን አወጣ።

"ሐኪሟ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው ቢመታስ? የተመታውን ሰው ምን እናድርገው? ይነካል?"

መጽሐፏ ስለዚህ አንድም ቃል አልነበራትም። ካድሬው ከኋላ በጥጥ እስር ላይ ተደግፎ ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል። ሠላሳ የሚሆኑ ጎልማሶችና እናቶች፣ ብዙዎቹ በዕድሜ እናቴን የሚያክሉ፣ አፌን ይጠብቃሉ። "አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ" ማለት ነበረብኝ። ከዚያ በላይ የሚጠበቅብኝ አልነበረም። እኔ ግን ትዝ ያለኝ በልጅነቴ አዋሽ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ሽቦ የያዘው ሠራተኛ ነው፤ ማንም እንዳይነካው ሰዉ ሲጮህ፣ በደረቅ እንጨት ገፍተው ሲያላቅቁት አይቻለሁ። ከዚያ ተነስቼ ገመትኩ። ግምቴን ደግሞ እንደተማርኩት አድርጌ ተናገርኩ።

"አይነካም። መብረቅ ኤሌክትሪክ ነው አላልኳችሁም? ኤሌክትሪክ ያለበትን ሰው የነካ እሱም ይያዛል። ትንሽ ጠብቁና እኔን ጥሩኝ።"

"ስንት ጊዜ እንጠብቅ?"

"ሩብ ሰዓት ያህል።"

ካድሬው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ውሃ አጠጪው ወደ ሰዉ ዞሮ፣ "ሰማችሁ? ሩብ ሰዓት" አለ። እኔም ልቤ ሞልቶ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ያን ቀን ማታ የተሰማኝን ኩራት ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ነሐሴ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን በአካባቢው እንደሚሆነው አቧራው ቀደመ። ከምሥራቅ በኩል ቀይ ግድግዳ መስሎ መጣ፤ ከኋላው ሰማዩ ጠቁሯል። እኔ ክሊኒክ ውስጥ ነበርኩ፤ ትኩሳት ያንቀጠቀጣት አንዲት ሴት ግንባር ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረግሁ። ሜዳው ላይ የሆነውን በኋላ ነው ከብዙ ሰው የሰማሁት።

የመጀመሪያው ነጎድጓድ እንደተሰማ ውሃ አጠጪው ቦይ ለቦይ እየሮጠ ሰዉን አስነሳ። "ዶማ ጣሉ! ወደ ዛፉ አትሂዱ፣ ወደ መጋዘን!" እያለ። ሠራተኛው ዝናብ ሲመጣ የሚጠለለው ሜዳው መካከል ካለው ትልቅ ግራር ሥር ነበር። ሁለት ሴቶች ወደዚያው ሲሮጡ ክንዳቸውን ይዞ መለሳቸው። ሁሉም መጋዘን ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ የትልቁ ቦይ በር እንዳልተዘጋ ትዝ አለው። ውሃው ከሞላ የቦዩን ግድብ ጥሶ ካምፑ ውስጥ ይገባል፤ የካምፑ ቤት ደግሞ ሁሉም ጎጆ ነው፤ ውስጡ ሕፃናት አሉ። "ዘግቼው ልመለስ" ብሎ ወጣ። የሚስቱ ወንድም "ላግዝህ" ብሎ ተከተለው። ነጎድጓዱ ሲቀርብ ትተውት መመለስ ነበረባቸው፤ አልተመለሱም። ውሃ አጠጪው የብረቱን መዘውር በሁለት እጁ ይዞ ሲያዞር መብረቁ ወረደ። ወንድምየው ጥቂት እርምጃ ከኋላው ነበር፤ እሱንም ጣለው፣ ግን ወዲያው ተነሳ።

አንድ ሰው እየሮጠ ወደ እኔ መጣ። ከክሊኒኩ እስከ ቦዩ በር ረጅም መንገድ ነው፤ ዝናቡ ጭቃ አድርጎታል። ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። ስደርስ፣ ከወደቀ ግማሽ ሰዓት ሊሞላው ነበር።

ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ፣ አንዳቸውም አልቀረቡም። ክቡ መካከል ጭቃው ላይ፣ ግመሎቹ የሞቱባቸው አፋር ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከማዶ ነጎድጓዱን ሰምተው፣ የወደቀ ሰው አይተው፣ ቦዩን ተሻግረው መጥተዋል። የውሃ አጠጪውን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ አስደግፈው ከአፉና ከአፍንጫው ጭቃውን በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። እሳቸው የእኔ ተማሪ አልነበሩም። በሚችሏት አማርኛ ደጋግመው፣ ሳይጮሁ፣ "ሰው ነው። ለምን ትቆማላችሁ? ሰው ነው" ይላሉ።

ያደረግሁትን እንዳለ ልናገር። ቦርሳዬን ከፍቼ የላስቲክ ጓንት ፈለግሁ። የራሴን ግምት ራሴ አምኜው ነበር። ሽማግሌው በባዶ እጃቸው አቅፈውት እያየሁ፣ ጓንት አጠለቅሁ።

የሚስቱ ወንድም ከክቡ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

"ሐኪሟ፣ ሩብ ሰዓቱ አለፈ አይደል? አሁን መንካት እንችላለን?"

ተንበረከክሁ። ትንፋሽ የለም። የልብ ምት የለም። ትምህርት ቤት ሳለን ውሃ የበላውን ሰው አፍ ለአፍ መተንፈስን አንድ ጊዜ አሳይተውን ነበር፤ እሱን ሞከርኩ። ደረቱን ተጫንኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ያስቆሙኝ ሽማግሌው ናቸው፤ ትከሻዬን በቀስታ ይዘው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። አንድ ሰው ከኋላዬ "ኢናሊላሂ" አለ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት።

አስከሬኑን ተሸክመው ሲሄዱ ወንድምየው ወደ ኋላ ቀርቶ ነገረኝ።

"እንደወደቀ ደርሼበት ነበር። ትንፋሽ አልነበረውም፣ አንገቱ ላይ ግን ሥሩ ሲመታ አየሁ። ወላሂ አይቻለሁ። እጄን ስሰድ ሰዎቹ ከመጋዘኑ በር ላይ 'ሩብ ሰዓት፣ ሩብ ሰዓት' ብለው ጮሁብኝ። እኔም ትምህርቱን አስታወስኩ። ቆምኩ። ቆሜ እያየሁት ሥሩ ቀስ እያለ አቆመ።"

"መስሎህ ነው" አልኩት። ያን ያልኩት እሱን ለማጽናናት ነው ብዬ ብዙ ዓመት ራሴን አታለልኩ።

ቀብሩ በማግሥቱ ጠዋት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ሻይ ቤቱ ሄድኩ። ጆንያውን ገልጠው ሰፊ አድርገውታል፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላ ወገን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ካድሬውም ነበር። እትዬ አላለቀሰችም፤ ደርቃ ነበር። እንደተቀመጥኩ ቀና ብላ አየችኝ።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይሄ ወንድሜ 'አትንኩት ያለችን ሐኪሟ ናት' ይላል። እውነት ነው?"

ከዚያ ሰው ውስጥ ግማሹ ያን ዕለት መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ ሰምቶኛል። ወንድምየው በሩ አጠገብ ቆሟል። ካድሬው ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል። ያ ዘመን ስህተት ሠራሁ ማለት የሚያስፈራበት ነበር፤ ስህተትህ "አሻጥር" ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ይህን ለሌሎች ስናገር ይረዱኛል። ግን እውነቱን ልናገር ከተነሳሁ፣ ከካድሬው ይልቅ የፈራሁት እሷን ነበር። በጥላቻ የሚያየኝን ዓይኗን ማየት ፈራሁ።

"እኔ ተጠንቀቁ ነው ያልኩት" አልኩ። "አትርዱት አላልኩም።"

ሰዉ አንገቱን ደፋ። ኪኒን የሚሰጣቸው ሰው እኔ ነኝ፤ ነገ ልጃቸው ቢታመም የሚመጡት ወደ እኔ ነው። እትዬ ወደ ወንድሟ ዞረች።

"ሰማህ?" አለችው።

እሱ ወደ እኔ አየ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም፤ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበረው። ወጥቶ ሄደ። በሳምንቱ ውስጥ ልብሱን ጠቅልሎ በጭነት መኪና ወደ አሰብ መሄዱን ሰማሁ። እህቱን ሊሰናበት ሲመጣ ጀርባዋን እንደሰጠችው ጎረቤቶች ነገሩኝ። "በጀርባው አዝሎ ያወጣህን ሰው ቆመህ ገደልከው፤ ከዚያ በሰው አሳበብህ" ብላዋለች።

መስከረም ላይ የእርሻው ሠራተኞች ስብሰባ ተደረገ። ካድሬው ተነስቶ በሰጠሁት ትምህርት ሠላሳ ሠራተኛ ከመብረቅ እንደተረፈ ተናገረና የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። መትረፋቸው ሐሰት አልነበረም። ያተረፋቸው ግን ቦይ ለቦይ የሮጠው ሰው ነው። ሰዉ አጨበጨበ። እትዬ ከፊት ረድፍ ጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም አጨበጨበችልኝ።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ናዝሬት ለሥልጠና ተላክሁ። ስለ ድንገተኛ አደጋ የሚያስተምረን ጎልማሳ ሐኪም ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ሰሌዳ ላይ ብዙ የማይጽፍ። አንድ ቀን ጠዋት ስለ መብረቅ አነሳ።

"መብረቅ መትቶ ያልፋል እንጂ ሰውነት ውስጥ አይቀመጥም" አለ። "የተመታውን ሰው ወዲያው መንካት ትችላላችሁ፤ ምንም አያደርጋችሁም። ብዙዎች ከተመቱ የሚጮኸውን ተዉት፣ እሱ ይተርፋል። መጀመሪያ ዝም ወዳለው ሩጡ። የሞተ ይመስላል እንጂ ልቡ መምታት ጀምሮ ትንፋሹ ብቻ የዘገየ ሊሆን ይችላል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ካልተነፈሳችሁለት ልቡም ተመልሶ ይቆማል።"

እጄን አውጥቼ፣ "አንገቱ ላይ ሥሩ ሲመታ ቢታይስ?" አልኩት።

"ያ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው" አለኝ። "የሚፈልገው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።"

ደብተሬን ትቼ ወጣሁ። ግቢው ውስጥ የውሃ ቧንቧ ነበር፤ ፊቴን ታጥቤ ታጥቤ አልጨርስ አልኩ።

ያን ጊዜ ሄጄ እውነቱን ለእትዬ መንገር ነበረብኝ። እትዬ ከእርሻው ለቅቃ ገዋኔ፣ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ጎዳና ዳር ምግብ ቤት ከፍታ ነበር። እኔ ወደ አሳይታ ተዛውሬ ስለነበር በዓመት ሦስት አራት ጊዜ በዚያ አልፋለሁ። አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆመው በሯ ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ይወርዳል፣ ይበላል፣ ይመለሳል። እኔ መቀመጫዬ ላይ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ የተኛ ሰው መስዬ እቀመጣለሁ። በመስኮቱ የድሮው ቁጣዋ ይሰማኛል፤ "ብላ እንጂ፣ ምን ታያለህ?" ትላለች አንዱን ሾፌር። የሚቀጥለው ጊዜ እወርዳለሁ እያልኩ ደርግ ወደቀ። አሰብ የሌላ አገር ሆነች። የሚቀጥለው ጊዜ ገና አልመጣም ነበር።

ሰመራ ያኔ ስም ብቻ የነበራት የጠጠር ሜዳ ነች፤ በአጠገቧ ስናልፍ የሚያይ ዓይን አልነበረም። በኋላ ቢሮ ተሠራባት፣ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፣ ባጃጁ በዛ። ጡረታ ልወጣ ስቃረብ ለአንድ ስብሰባ ወደዚያ ሄጄ፣ ምሳ ለመብላት ከጓደኞቼ ተለይቼ ወደ አንድ ሆቴል ገባሁ። በር አጠገብ ባለው ወንበር ላይ የተቀመጡት አሮጊት እትዬ ነበረች፤ ሆቴሉ የእሷ ነው። ቀድማ ያወቀችኝም እሷ ናት።

"አንቺ የክሊኒኳ ልጅ አይደለሽም?" ብላ ተነስታ አቀፈችኝ። አስቀመጠችኝ፤ ምግብ አስመጣች፤ ልጆቼን ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ ወንድምሽ የት ነው ያለው?" አልኳት።

"ወንድም የለኝም" አለች። "ከአሰብ ሁለቴ ሰላምታ ልኮ ነበር፤ በመጣበት መለስኩት።"

ያኔ ነገርኳት። ከጥያቄው ጀምሮ፣ "ሩብ ሰዓት" ያልኩትን፣ ለቅሶው ላይ የዋሸሁትን፣ ናዝሬት የሰማሁትን፣ ገዋኔ አውቶቡስ ውስጥ የተደበቅሁትን። አንዱንም አላስቀረሁም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ስጨርስ መጀመሪያ ያነሳችው ባሏን አልነበረም።

"ወንድሜን ውሸታም አልኩት" አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ባሌን አላህ ወስዶታል፤ እሱ ቀደር ነው፣ የተጻፈለት ነው። ወንድሜን ግን የወሰድሽብኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች።

ከሦስት ወር በኋላ ደወለችልኝ። በሾፌሮች በኩል ስታጠያይቅ ቆይታ ወንድሟን ኮምቦልቻ አግኝታዋለች፤ ግን መቃብሩን ነው። ከአሰብ ሲመለስ እዚያ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል፤ እኛ ከመገናኘታችን በፊት በነበረው ዓመት በሕመም ሞቷል። "ልጆቹ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ" አለችኝ። "መጥተሽ ለእኔ የነገርሽውን ለእነሱ ትነግሪያቸዋለሽ። የአባታቸው ስም በእኔ አፍ ነው የጠፋው፣ በአንቺ አፍ ይመለስ።"

ሄድኩ። ከሆቴሉ ጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ ወንዱ ልጅ፣ ሴቷ ልጅና እትዬ ተቀምጠው ነበር። ቆሜ ነው የተናገርኩት። ወንዱ ልጅ ወለሉን እያየ ሰማኝ። ሴቷ ልጅ አባቷን ትመስላለች፤ ያው ግራ የተጋባ ዓይን ነበራት።

"አባታችን ዝናብ ሲመጣ ከቤት ወጥቶ ይቀመጥ ነበር" አለች። "ለምን እንደሆነ ነግሮን አያውቅም።" ከዚያ ጠየቀችኝ፤ "አባቴ እሱን ሊነካው ፈልጎ ነበር?"

"እጁን ዘርግቶ ነበር" አልኳት። "እኔ ባልተናገርኩ ኖሮ ያነሳው ነበር።"

"ለምን በሕይወት እያለ አልመጣሽም?"

"ፈርቼ" አልኩ። ሌላ ምክንያት ልፈልግ ሞከርኩ፣ አልነበረም።

እትዬ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት። እኔን ማንም አላስወጣኝም፤ ተቀመጪ ያለኝም አልነበረም። ትንሽ ቆሜ "ደህና ዋሉ" ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰመራ ስሄድ እትዬ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች። አጠገቧ ግን አስቀምጣኝ አታውቅም፤ እኔም ወንበር ስቤ አላውቅም።